ካህኑ የማን ወገን ነው?

በአዲስ አበባ፣ ከአንድ ካቶሊካዊ ቁምስና ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በወጣትነታቸው በሮማ ተምረው ዘመናቸውን በገጠር ቁምስናዎች የፈጸሙ አንድ አረጋዊ ካህንና፣ በእምነቱ የተዋሕዶ ልጅ የሆነ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ጎረቤታቸው፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብለው የጀመሩት ጨዋታ ቡናው ከተጠጣም በኋላ አልተቋረጠም። ከዚህ በታች የተጻፈው የዚያ ጨዋታ ፍሬ ነገር ነው፤ የውጭ አገር ታሪክ ስለሚበዛበትም ዘመኑ ሁሉ የተጠቀሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መምህር፦ አባ፣ ጥያቄዬ ከቁስል የሚነሣ ስለሆነ አስቀድመው ይቅር ይበሉኝ። የፋሺስት ጦር መረብን በተሻገረ በ25ኛው ቀን፣ ማለት ኦክቶበር 28 ቀን 1935፣ ፋሺስቶች ወደ ሮማ የገሰገሱበት መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት፣ የሚላኖው ካርዲናል ኢልዴፎንሶ ሹስተር በታላቁ ካቴድራል ቆመው፣ ይህ ሠራዊት የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ ይዞ እንደሚሄድ፣ የባሮችን ሰንሰለት እንደሚበጥስ፣ በደሙም ዋጋ ለካቶሊካዊት ሃይማኖት በር እንደሚከፍት ሰበኩ። መስቀሉ የሚሄደው የሚላኖው አምብሮስዮስ ገና ጳጳስ ሳይሾም በኢዛና ዘመን ክርስትናን ወደ ተቀበለች አገር መሆኑን ማንም አላስታወሳቸውም። ሰውየው የቤተ መንግሥት አጫዋች ቢሆኑ ባልደነቀኝ፤ ነገር ግን በጾምና በጸሎት የታወቁ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችሁም በ1996 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። በሌላ ወገን ደግሞ ያንኑ ወንጌል አንብበው፣ ያንኑ ሥልጣነ ክህነት ተቀብለው፣ ስለ ድኃው በመናገራቸው ቅዳሴ ላይ እንዳሉ በጥይት የተገደሉ የኤል ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ አሉ። ወንጌሉ አንድ፣ ቀኖናው አንድ፣ መንበሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የአንዱን ካህን የፖለቲካ ሐሳብ ወደ ቀኝ የሌላውን ወደ ግራ የሚመራው ምንድር ነው?

አባ፦ ከቁስል መነሣትህ አያስቀይመኝም፤ በዚያ ስብከት የቈሰልን እኛም ነን። ሐበሻ ሆኖ ካቶሊክ የሆነ ሁሉ «የጣልያን ሃይማኖት ተከታይ» እየተባለ ሲታማ የኖረው እንዲህ ስላለው ስብከት ጭምር ነው። ስለ ካርዲናሉ ስትመረምር ግን ያነበቡትን መጽሐፍ ትተህ በዙሪያቸው የነበረውን ነገር ተመልከት። ከ1870 ጀምሮ የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት፣ የኢጣልያ መንግሥት ከተማችንን ነጥቆናል ብለው ከቫቲካን ቅጥር ሳይወጡ ስለ ኖሩ፣ የጣልያን ካህን ለስድሳ ዓመት ያህል አገሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ባንድ ልብ መውደድ ተስኖት ነበር። በ1929 በላተራኖ ውል ሙሶሊኒ ያንን ጠብ ባበረደ ጊዜ፣ ካቶሊካዊነት የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑ ጸና፣ የሃይማኖት ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገባ፣ ጳጳስም ሀገረ ስብከቱን ከመረከቡ በፊት በንጉሡ ፊት ቀርቦ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽም ተደነገገ። ሹስተር ለሚላኖ የተሾሙት በዚያው ዓመት ነው፤ መሐላውንም ምለዋል። በካቴድራሉ ያዳመጧቸው የዘማቾቹ ወገኖች ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በመርዝ ጋዝ የሚቃጠለው የተምቤን ገበሬ ግን በዚያ ጉባኤ ውስጥ ወኪል አልነበረውም።

መምህር፦ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ለክብርዎ ስል ባልጠቅሰው በወደድሁ።

አባ፦ ጠቅሰኸው አበቃህ እኮ! ይሁን፤ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሁሉን አይፈታም። የጽድቅ ጦርነትን ከግፍ ጦርነት የሚለየው ትምህርት ከቅዱስ አውግስጢኖስ ጀምሮ በእጃችን ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 11ኛ ራሳቸው ኦገስት 27 ቀን 1935 ለካቶሊካውያን አስታማሚዎች ጉባኤ ሲናገሩ፣ ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ግፍ እንደ ሆነ ገልጠዋል፤ ቃሉ በጋዜጣ ሲወጣ ግን ተለዝቦ ወጣ። ትምህርቱ አልጠፋም፤ የሚያነሣው ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የኢጣልያ ሚስቶች የቃል ኪዳን ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሲያዋጡ፣ ጳጳሳቱም የወርቅ መስቀላቸውን እያወለቁ ሰጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1938፣ እኚያው ሹስተር በዚያው ካቴድራል ቆመው የፋሺስቶችን የዘር ትምህርት ኑፋቄ ነው ብለው አወገዙት።

መምህር፦ ፋሺስቶች ያወጡት የዘር ሕግ የቤተ ክርስቲያንን የጋብቻ ሥልጣን ስለ ነካ አይደለምን? ቫቲካን የተቃወመችውም ውሌ ፈረሰ ብላ ነበር። የገዛ መብቷ ሲነካ ተናገረች፤ እኛ ስንነካ ባረከች።

አባ፦ ያንን አልክድህም። የሹስተር ውግዘት ከውልም ያለፈ ነበር፤ ሆኖም ቤተ ክህነት የራሷ አጥር ሲደፈር ፈጥና፣ የሌላው ሲደፈር ዘግይታ እንደምትነቃ በብዙ አገር የታየ ነው። አሁን የተረትህን ሚዛን በሁለት ጎረቤታሞች አገሮች ላይ እንሞክረው። የአርጀንቲና ሕገ መንግሥት በሁለተኛው አንቀጹ መንግሥት የካቶሊካዊትን ሃይማኖት አምልኮ እንዲደግፍ ያዛል፤ በቺሌ ግን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በ1925 ተለያይተዋል። በቺሌ ወታደሩ ሥልጣን የያዘው በሴፕቴምበር 1973፣ በአርጀንቲና በማርች 1976 ነው። ሁለቱም ጦር ካቶሊካዊ ነኝ ይላል፤ ሁለቱም ሰውን ከቤቱ እያነቀ በሌሊት ይወስዳል።

መምህር፦ የቺሌ ጳጳሳትስ ከመጀመሪያው ቀን ተቃወሙ?

አባ፦ ጀግኖች ሆነው አልጀመሩም፤ ብዙዎቹ ከግርግሩ በኋላ ጸጥታ ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ከአይሁድ ጋር ሆነው የታሳሪ ቤተሰብ የሚረዳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የወታደራዊው መንግሥት መሪ ፒኖቼት ኮሚቴው እንዲፈርስ ባስገደዷቸው ጊዜም እሺ ብለው በ1975 መጨረሻ አፈረሱና፣ በአዲሱ ዓመት በጃኑዋሪ 1976 ያንኑ ሥራ የራሳቸው ሀገረ ስብከት መሥሪያ ቤት አድርገው፣ በሳንቲያጎ ካቴድራል ጎን ከፈቱት። ስሙም የአጋርነት ቪካርያት ሆነ። ኮሚቴን መዝጋት ቀላል ነው፤ ሀገረ ስብከትን መዝጋት ግን ከሮማ ጋር መጣላት ነው። በዚያ ቤት ጠበቆች የተያዘ ሰው አካል ይቅረብ እያሉ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ይጽፋሉ፤ ዳኛው አቤቱታውን ቢጥለውም ወረቀቱ ይቀመጣል፤ ያ መዝገብ ነው ኋላ የወታደሩን ሥራ ያጋለጠው። ቄስ ስትል ጥናና መስቀል የያዘ ብቻ አይታይህ፤ እዚያ ቤት የክህነት ሥራ ፋይል ማደራጀትም ነበር።

መምህር፦ አርጀንቲናስ?

አባ፦ መፈንቅለ መንግሥቱ ሲደረግ የጳጳሳቱ ጉባኤ ሰብሳቢ የነበሩት አዶልፎ ቶርቶሎ የሠራዊቱም መንፈሳዊ አለቃ ነበሩ። አንድ ሰው የበጎቹም የተኩላውም ንስሐ አባት ሆኖ እንዴት ይዘልቀዋል? አብዛኞቹ ጳጳሳት ዝም አሉ፤ አንዳንዶችም አጸደቁ። የላ ሪዮሃው ጳጳስ ኤንሪኬ አንኼሌሊ ግን የሁለት ካህናቶቻቸውን ግድያ መርምረው ሲመለሱ፣ ኦገስት 4 ቀን 1976 መኪናቸው ተገልብጦ ሞቱ ተባለ፤ አደጋ ሳይሆን ግድያ መሆኑን ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2014 ነው። በ1979 ደግሞ ያው ወታደራዊ መንግሥት ለሀገረ ስብከት ጳጳሳት ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ደሞዝ 80 በመቶ የሚሆን ወርኃዊ አበል በሕግ ቈረጠላቸው።

መምህር፦ እንግዲህ ተረቴ ረታ!

አባ፦ በከፊል ረታ። ሆኖም አንኼሌሊም የዚያው አገር፣ የዚያው ሕግ ጳጳስ ነበሩ። እንጀራ የብዙኃኑን ዝምታ ይተረጉምልሃል፤ የጥቂቶቹን ንግግር ግን አይተረጉምልህም።

መምህር፦ ሌላም ምክንያት ሲሰጥ አንብቤአለሁ። አንዳንድ የዘመኑ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ወንጌላውያንና ጴንጤዎች የድኃውን ሰፈር እየወረሱባቸው በመጡበት አገር፣ በቺሌም እንደ ሆነው፣ ጳጳሳቱ መንጋቸውን ላለማጣት ሲሉ የድኃ ጠበቃ ሆኑ፤ ተፎካካሪ በሌለበት ግን ከቤተ መንግሥት ጋር ተስማምተው ኖሩ።

አባ፦ እረኛ ሌላ እረኛ ሲያይ በጎቹን መቍጠር ይጀምራል፤ በዚህ አልከራከርም። የማያጠግበኝ፣ ይህ ዓይነቱ ስሌት ጉባኤ ሊያስጠራና ዕቅድ ሊያስወጣ ቢችልም፣ ሰውን ለሞት የሚያደርስ አለመሆኑ ነው። ምእመናንን በቍጥር የሚያስብ ሰው ጥይት ፊት አይቆምም። ስለዚህ አስቀድመህ ወደ ጠቀስኸው ሊቀ ጳጳስ ወደ ኦስካር ሮሜሮ እንምጣ፤ የእርሳቸው ነገር በደንብ ሊታይ ይገባዋል።

መምህር፦ ሲጀምሩ ወግ አጥባቂ ነበሩ ይባላል።

አባ፦ ወግ አጥባቂም ዓይን አፋርም ነበሩ። በሮማ ተምረው በ1942 እዚያው የተቀቡ፣ የሀገረ ስብከቱን ጋዜጣ ሲያዘጋጁ ስለ ድኃ ነጻነት የሚሰብኩ ካህናትን በጥርጣሬ የሚያዩ ሰው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1977 የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ባለ ቡና እርሻዎቹ ባለጸጎች ደስ አላቸው፤ በገጠር የሚደክሙት ካህናት ግን አዘኑ። ሆኖም ከዚያ በፊት በሳንቲያጎ ዴ ማሪያ ጳጳስ ሳሉ፣ በቡና ለቀማ ወራት ከሩቅ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች በአደባባዩ ላይ በብርድ ሲያድሩ አይተው፣ የሀገረ ስብከቱን ቤት ከፍተው አሳድረዋቸዋል። በ1975 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ትሬስ ካዬስ በተባለ መንደር ገበሬዎችን በገደሉ ጊዜ፣ ሮሜሮ ሄደው ሐዘንተኞቹን አጽናኑ፤ ለፕሬዚዳንቱም ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ግን በፖስታ አሽገው ላኩት እንጂ በአደባባይ አላነበቡትም። በልባቸው መልካም፣ በአንደበታቸው ጭምት ነበሩ።

መምህር፦ አንደበታቸውን ምን ፈታው?

አባ፦ ሦስት ሬሳ። ሩቲሊዮ ግራንዴ የሚባል ኢየሱሳዊ ካህን ነበር፤ ሮሜሮ ማዕረገ ጵጵስና ሲቀበሉ የሥነ ሥርዓቱ መሪ የነበረ የቅርብ ወዳጃቸው። የሸንኮራ አገዳ እርሻ በከበበው በአጊላሬስ ቁምስና ሆኖ ገበሬዎቹን መጽሐፍ ቅዱስ በኅብረት እንዲያነቡና ስለ ኑሮአቸው እንዲመክሩ ያስተምር ነበርና የመሬት ጌቶቹ ጠሉት። ማርች 12 ቀን 1977፣ ሮሜሮ መንበሩን ከተረከቡ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ወደ ኤል ፓይስናል ቅዳሴ ሲሄድ በመንገድ ላይ እርሱን፣ አብሮት የነበረውን አንድ ሽማግሌና አንድ ለጋ ወጣት በጥይት ገደሏቸው። ሮሜሮ በዚያው ሌሊት አጊላሬስ ደርሰው ሦስቱን አስከሬን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አዩ፤ ገበሬዎቹም ዙሪያውን ሞልተው አዲሱ ሊቀ ጳጳስ ምን እንደሚሉ ይጠብቁ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ በሀገረ ስብከቱ ሁሉ ያለው ቅዳሴ ቀርቶ በካቴድራሉ አንድ ብቻ እንዲቀደስ አዘዙ፤ የሮማው እንደራሴ ተቃወሟቸው፤ እርሳቸው ግን ጸኑ። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። ግድያው እስኪመረመር ድረስም በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ አልገኝም ብለው፣ የፕሬዚዳንቱ በዓለ ሢመት ሲከበር ወንበራቸው ባዶ ሆነ።

መምህር፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ለሚል ሕዝብ ልጅ ይህ ከባድ ነገር ነው።

አባ፦ ለእነርሱም ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሮሜሮ የእሑድ ስብከታቸውን በሀገረ ስብከቱ ራዲዮ ማሰማት ያዙ፤ ወንጌሉን ከተረጐሙ በኋላ በሳምንቱ የተገደሉትንና የታፈኑትን ሰዎች ከነስማቸው፣ ከነመንደራቸውና ከነቀኑ ያነቡ ነበር። ለጋዜጣ የማይበቃው የገበሬ ስም ከመንበረ ስብከት ተጠራ። ራዲዮው በፈንጂ ተመታ፤ ተጠግኖ እንደገና ተናገረ። አገርህን ከወደድህ ቄስ ግደል የሚል በራሪ ወረቀት በከተማው ይበተን ነበር። ማርች 23 ቀን 1980 ወታደሮቹን፣ ገበሬ ወንድማችሁን ግደሉ የሚል ትእዛዝ ከእግዚአብሔር ሕግ አይበልጥምና አትታዘዙ ብለው ለመኑ፤ አዘዙም። በማግሥቱ ማታ በሚኖሩበት የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ጸሎት ቤት ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ተገደሉ።

መምህር፦ ምናልባት ትውልዳቸው ይሆን? የድኃ ልጅ ለድኃ ይቆረቆራል።

አባ፦ አባታቸው የቴሌግራፍ ሠራተኛ፣ እርሳቸው በልጅነታቸው የአናጢ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ እውነት ነው። ግን የኮሎምቢያውን ካሚሎ ቶሬስን ተመልከት። የቦጎታ ጨዋ ቤተሰብ ልጅ፣ በቤልጅግ በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ የተማረ ካህን ሆኖ ሳለ፣ በ1965 የክህነት አገልግሎቱን ትቶ ጫካ ገባ፤ በፌብሩዋሪ 1966 በመጀመሪያው ውጊያ ሞተ። የባለጸጋው ልጅ ጠመንጃ አነሣ፤ የቴሌግራፈኛው ልጅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ግድያን ከሁለቱም ወገን አወገዘ። እኔ ካሚሎን አላመሰግነውም፤ ሥጋ ወደሙን የያዘ እጅ ጠመንጃ ሲይዝ የድኃውን ዕንባ አያብስም፤ ሌላ ዕንባ ይጨምራል። ትውልድ ብቻውን ምስክር እንዳይሆን ግን ይህ ይበቃሃል።

መምህር፦ እንግዲያው ትምህርተ ሃይማኖት ከንቱ ሊሆንብኝ ነው። የሊዮን 13ኛ የ1891 መልእክት ስለ ሠራተኛው ደሞዝና መብት ተናግሯል፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ተደርጓል፤ በ1968 የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በሜዴሊን ተሰብስበው የድኃው ሥቃይ በሥርዓት የተደራጀ ግፍ ነው ብለዋል፤ የፔሩው ካህን ጉስታቮ ጉቲየሬስም በ1971 የነጻ መውጣትን ነገረ መለኮት ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ቀለም ለምን ፈሰሰ?

አባ፦ ትምህርት በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ ረኀብ እስኪመጣ ድረስ ማንም አይከፍተውም፤ ረኀብ በመጣ ጊዜ ግን ጎተራው ባዶ ከሆነ ሁሉ ያልቃል። ሮሜሮ በሜዴሊን ውሳኔ ቅር ይላቸው ነበር፤ የሦስቱ ሬሳ ሌሊት ባይመጣ ኖሮ ምናልባት በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ይቀር ነበር። ሜዴሊን ባይኖር ደግሞ ሮሜሮ ኮሙኒስት ናቸው ብለው ሮማ ድረስ ሲከስሷቸው ምን ብለው በመለሱ ነበር? ሐዘን ሰውን ያስጮኸዋል፤ ጩኸቱ ቋንቋ የሚያገኘው ከትምህርት ነው። ጉቲየሬስም ራሳቸው ነገረ መለኮቱን የጻፉት በሊማ ከተማ የድኃ ሰፈር ቁምስና እያገለገሉ ነው።

መምህር፦ ሰው ሲለወጥ ግን ሁልጊዜ ሬሳ ያስፈልጋልን?

አባ፦ አያስፈልግም። የብራዚሉን ኤልደር ካማራን ውሰድ። በ1930ዎቹ ወጣት ካህን ሳሉ አረንጓዴ ሸሚዝ የሚለብሰው፣ ፋሺስቶችን የሚመስለው የኢንተግራሊስቶች ማኅበር አባል ነበሩ። በ1955 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የተደረገውን ዓለም አቀፍ የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ አሰናድተው በድምቀት ከፈጸሙ በኋላ፣ የሊዮኑ ካርዲናል ጄርሊዬ ጠጋ ብለው፣ ይህን የማደራጀት ስጦታህን በኮረብታው ላይ ለሚኖሩት ድኆች ለምን አታውለውም አሏቸው። አንድ እንግዳ፣ አንድ ጥያቄ፣ ሌላ ምንም የለም። በ1964 የሬሲፌ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ወታደሩ ሥልጣን ይዞ ነበር፤ ብዙዎቹ የብራዚል ጳጳሳት መጀመሪያ ወታደሩን በእፎይታ ተቀብለውት ነበርና ካማራ ለረጅም ጊዜ በጥቂቶች መካከል ቆሙ።

መምህር፦ ሮማስ? ጳጳስ የሚሾመው ሮማ ነው፤ ካህን ሚስትና ልጅ ባይኖረውም አለቃ አለው።

አባ፦ ይህን ማንሣትህ ተገቢ ነው። ሚስትና ልጅ ስለሌለን ከገዢ የሚያስፈራን ነገር ያንሳል፤ በአለቃችን በኩል ግን በቀላሉ እንያዛለን። አሜሪካዊው ኢየሱሳዊ ሮበርት ድራይናን ለአሥር ዓመት በኮንግረስ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ኖረው፣ በ1980 ከሮማ ምርጫ ተው ሲባሉ ተዉ። የ1983ቱ ቀኖናም ካህን የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዝ አጸና። በዚያው ዓመት በማርች ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ማናጓ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ፣ የኒካራጓ ግራ ዘመም መንግሥት የባህል ሚኒስትር የሆነው ካህን ኤርኔስቶ ካርዴናል ተንበርክኮ ሊሳለማቸው ሲል፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ ገሠጹት። ካማራም በ1985 በጡረታ ሲሰናበቱ የተተኩት ሌላ መንፈስ ባላቸው ጳጳስ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ካህናት ከድኃው ጋር እየኖሩ የሚማሩበት የሬሲፌ ዘርዐ ክህነት ተዘጋ። ሹመት እንዲህ ነው፤ አንድ ፊርማ የአንድ ትውልድ ካህናትን አመለካከት ይለውጣል።

መምህር፦ እንዴት ነው ታዲያ እኚሁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በፖላንድ ፖለቲከኛ ካህናትን ሲባርኩ የኖሩት?

አባ፦ ጥያቄህን የምወደው እዚህ ላይ ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ካህን ናቸውና! ወጣትነታቸውን በናዚ፣ ጵጵስናቸውን በኮሙኒስት አገዛዝ ሥር ያሳለፉ ፖላንዳዊ ናቸው። ኖቫ ሁታ የተባለች፣ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን የለሽ አድርጎ የሠራት የብረት ሠራተኞች ከተማ በክራኮው ሀገረ ስብከታቸው ነበረች፤ በ1960 ሠራተኞቹ ስለ አንድ የእንጨት መስቀል ከፖሊስ ጋር ተጋጭተውባታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ እርሳቸው የባረኩት በ1977 ነው። ማርክስ የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚታያቸው ያ መስቀልና ያ ፖሊስ ነው። ሮሜሮ በሜይ 1979 የግፉን ማስረጃ ተሸክመው በፊታቸው በቀረቡ ጊዜ፣ በፖላንድ የኖሩበትን ሁኔታ እያነሡ ስለ ጳጳሳት አንድነት እንደ መከሯቸው ሮሜሮ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። ሁለቱም የመጡት ከየሬሳቸው ነበር፤ ግን ሬሳው አንድ አልነበረም። ማናጓን በክራኮው ዓይን አዩአት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ተሳስተዋል።

መምህር፦ የራስዎን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ተሳስተዋል ሲሉ በመስማቴ ቡናው ይደገም!

አባ፦ በፖለቲካ ፍርድ አይሳሳቱም የሚል ዶግማ የለንም። ደግሞም ፖላንድን ስታይ፣ ነገሩ የቀኝና የግራ እንዳልሆነ ይገባሃል። በኦገስት 1980 የዋርሶ ብረት ፋብሪካ አድማ መቺዎች የሚቀድስላቸው ካህን ሲለምኑ፣ ዬዢ ፖፒዬውሽኮ የተባለ በጤናው ደካማ የሆነ ወጣት ቄስ ሄደ፤ ወደ በሩ ሲቀርብ እንዴት እንደሚቀበሉት ፈርቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በጭብጨባ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የእነርሱ ሆነ። በሠራተኛ ስም የሚገዛው መንግሥት ከሠራተኛው ጋር የቆመውን ቄስ በኦክቶበር 1984 በጸጥታ መኮንኖቹ አስገደለው። ፖፒዬውሽኮ በኤል ሳልቫዶር ቢወለድ ግራ ዘመም ይባል ነበር፤ ሮሜሮ በፖላንድ ቢወለዱ የሶሻሊዝም ጠላት በተባሉ ነበር።

መምህር፦ እንግዲህ ካህን የቁምስናው ፍጥረት ከሆነ፣ የገዛ ኅሊናው የት ሊገባ ነው? ሬሳ ያየው ሮሜሮ ብቻ አይደለም። የኤል ሳልቫዶር ሌሎች ጳጳሳትም ሬሳ አይተዋል፤ ሆኖም አብረዋቸው በቋሚነት የቆሙት አርቱሮ ሪቬራ ኢ ዳማስ ብቻ ናቸው፤ የሳን ሚጌሉ ጳጳስ እንዲያውም የኮሎኔል ማዕረግ ያላቸው የጦሩ መንፈሳዊ አለቃ ነበሩ።

አባ፦ እዚህ ስትደርስ ክርክሬን ትረታዋለህ። የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ፣ የሚሾመው ማን እንደ ሆነ፣ ፍትሐት የሚያደርስለት ሟች ማን እንደ ሆነ ብትነግረኝ የብዙውን ካህን ፖለቲካ ከመናገሩ በፊት እነግርሃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም አልሳሳትም። ከእነዚህ ሦስቱ ደግሞ እጅግ የሚከብደው ሟቹ ነው። በሟቹ ፊት ቆሞ ሳለ እንዴት እንደሚወስን ግን አልነግርህም። ለሮሜሮ የቀኝ እጅ የሆኑት ካህናትና ከሳሾቻቸው የሆኑት ካህናት ባንድ ዘርዐ ክህነት ተምረዋል፣ ባንድ ማዕድ በልተዋል፣ አንዱን ሬሳ ተሸክመዋል። እኔ የቀረውን ጸጋ እለዋለሁ።

መምህር፦ እኔ ድፍረት እለዋለሁ፤ ድፍረት ደግሞ በካህንም በአረማዊም ይገኛል።

አባ፦ ይገኛል። ጸጋ የእኛ ብቻ ነው ማን አለህ?

መምህር፦ ቤተ ክርስቲያናችሁስ በመጨረሻ ማንን አጸደቀች?

አባ፦ ሮሜሮን። ብዙ ዘመን ግን ፋይላቸው ተቀመጠ። ጥያቄው፣ የሞቱት ስለ እምነት ነው ወይስ ስለ ፖለቲካ የሚል ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ለሳልቫዶር መንፈሳውያን ተጓዦች ሲናገሩ፣ ሮሜሮ ከሞቱም በኋላ በገዛ ወንድሞቻቸው በካህናትና በጳጳሳት ስማቸው ሲጠፋ መኖሩን በግልጥ ተናገሩ፤ ኦክቶበር 14 ቀን 2018ም ቅድስናቸውን አወጁ። ሩቲሊዮ ግራንዴም ከሽማግሌውና ከወጣቱ ጋር በ2022 ብፁዓን ተብለዋል፤ ቄሱ ብቻቸውን አልተሰየሙም፤ ይህ ደስ ይለኛል።

መምህር፦ ገዳዮቹስ?

አባ፦ በፖላንድ ኮሙኒስቱ መንግሥት ራሱ እንኳ ሕዝቡን ፈርቶ በ1985 በቶሩን ችሎት በአራት የጸጥታ መኮንኖች ላይ ፈርዷል። በኤል ሳልቫዶር ግን በማርች 1993 የተባበሩት መንግሥታት የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን፣ ሮሜሮ እንዲገደሉ ያዘዘው ሮቤርቶ ዳውብዊሶን የተባለ የቀድሞ ሻለቃ መሆኑን ገለጠ፤ ሰውየው ግን ከአንድ ዓመት በፊት በሕመም ሞቶ ነበር፤ ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀንም ምክር ቤቱ ለሁሉም ምሕረት የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሕጉ በ2016 ቢሻርም፣ በሮሜሮ ግድያ በወንጀል ችሎት የተፈረደበት ሰው እስከ ዛሬ የለም።